በሙት ወንድማቸው ስም ጎል ሲያገቡ የኖሩት የደግሰው ደባሱ የሕይወት ታሪክ

ደግሰው ደባሱ ከአባታቸው ከቄስ ደባሱ ሰውአገኝና ከእናታቸው ከእማሆይ ወለተ ሐና ጥቅምት 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት ደብር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወልደ ኪዳን ነው። በር ላይ የቆመው የክለቡ የአበባ ጉንጉን፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ቅሬው የለጠፈው የለቅሶ ማስታወቂያና የአስከሬኑ መኪና ላይ ያለው ፎቶግራፍ ግን «ምሥጋናው ደባሱ» ይላሉ። ሰዎቹን መውቀስ አይቻልም፤ ሟቹ ሃያ አንድ ዓመት የታወቁት በዚያ ስም ነው። ምሥጋናው የታናሽ ወንድማቸው ስም ነበር። ይህን ታሪክ የጻፈችው እኅታቸው ባንቺዓለም ደባሱ ናት፤ የጻፈችውም ስለ ወንድሟ አንድ ወረቀት እንኳ እውነት እንዲናገር ብላ ነው።

ቄስ ደባሱ ልጅ ሲወለድላቸው ቀኑን በብራና ዳዊታቸው መጨረሻ፣ ባዶ ቅጠል ላይ ይጽፉ ነበር። ደግሰው፣ ምሥጋናውና ባንቺዓለም እንደ ታላቅ ታናሽነታቸው እዚያ ሰፍረዋል። ምሥጋናው በ1972 ዓ.ም. ተወልዶ በ1979 ዓ.ም. በኩፍኝ ሞተ። እናቱ «ምሥጌ» እያሉ ነበር የሚጠሩት። አባቱ ከልደቱ ሥር «ዐረፈ» ብለው ቀኑን ጻፉበት። እናቱም በየዓመቱ በዚያ ቀን ንፍሮና ጠላ ይዘው ወደ ደብሩ ይወጡ ነበር።

አቶ ደግሰው ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ደግመው ድቁና ተቀበሉ፤ ቀጥሎም በላሊበላ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ። ስለ ትምህርታቸው የሚነሣ ብዙ ነገር የለም። ስለ ግራ እግራቸው ግን እንኳን መምህሮቻቸው፣ ለቅዳሜ ገበያ እህል ጭነው የሚወርዱ ገበሬዎች አህያ አቁመው ያወሩ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር በሦስት ጨዋታ ስምንት ጎል አገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ የደሴ ክለብ ወሰዳቸው።

በ1988 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ታዳጊ የሚመርጥ ወርቅአገኘሁ የተባለ አሠልጣኝ ደሴ መጣ። አቶ ደግሰው ሃያ ዓመታቸው ነበር። ሰውዬው ሲጫወቱ አይቶ ወደ ዳር ጠራቸውና «እግርህ ጥሩ ነው፤ ዕድሜህ ግን አልፏል። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው የሚል ወረቀት ካመጣህ አዲስ አበባ ትገባለህ፤ ካላመጣህ ወደ አባትህ ሞፈር» አላቸው። ወደ ቤት መጥተው ለአባታቸው ተናገሩ። ቄስ ደባሱ በሦስተኛው ቀን «የሞተ ልጅ ዕድሜ ምን ያደርግለታል? ለወንድሙ ይሁነው» ብለው ምላጭ አወጡና ከምሥጋናው ስም ሥር ያለውን «ዐረፈ» የሚለውን ፋቁት። ብራና ለሚያውቅ ሰው ቀላል ሥራ ነው። ዳዊቱን ይዘው ቤተ ክህነት ሄደው በምሥጋናው ስም የክርስትና ወረቀት አጻፉ፤ ማኅተም አስመቱ። ለእናታቸው የነገራቸው አልነበረም። ባንቺዓለም ታውቅ ነበር፤ እርሷም አልተናገረችም።

በ1989 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤት ሬዲዮ «ምሥጋናው ደባሱ! ምሥጋናው! ጎል!» ብሎ ጮኸ። እናታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡና «ልጄ ተነሥቷል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ከጎረቤት አንዱ ሳቀ። እኒያ ሴት ብዙ ነገር ይቅር ብለዋል፤ ያንን ሳቅ ግን ይቅር አላሉም፤ ባይሉም እውነታቸውን ነው። ቄስ ደባሱ የሆነውን ሲነግሯቸው ዳዊቱን አስመጡ። ፊደል አይቆጥሩም ነበር፤ ጣታቸው ግን የተፋቀውን ቦታ አገኘው።

ለፋሲካ ልጃቸው አዲስ ጋቢ ይዘው ከአዲስ አበባ መጡ። እናታቸው ጋቢውን ተቀበሉ፤ እግራቸውን አጠቡ፤ ዶሮ አቀረቡ። በልተው ሲጨርሱ «የወንድምህን ስም ከወሰድክበት መልስ። የመለስክ ዕለት አንተንም በስምህ እጠራሃለሁ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ልጃቸውን «አንተ» እንጂ ደግሰው ብለው አልጠሩም። ልጃቸው ሳቅ ብለው አለፉት፤ የእናት ቁጣ ቶሎ የሚበርድ መስሏቸው ነበር።

አቶ ደግሰው በዋናው ቡድን አሥር ዓመት በአጥቂነት ተጫውተዋል። በ1992 ዓ.ም. ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጎል አግብተዋል፤ ስድስቱ በቴስታ ነበሩ። ጎል ሲያገቡ ስታዲየሙ «ምሥጌ! ምሥጌ!» እያለ ይናወጥ ነበር። እናት ለሕፃን ልጇ ያወጣችውን የቁልምጫ ስም የማያውቋት ሰዎች በሺህ ሆነው ሲጮኹበት፣ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ቤተ ዘመዱም ያው ነው፤ ስጦታ ሲመጣ «ምሥጋናው ላከልን» ማለት ለማንም አልከበደም።

በ1993 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽጌማርያም ጋር በደሴ ጋብቻ ፈጸሙ፤ ኪዳንና ጋሻዬ የተባሉ ልጆችም ወለዱ። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራልና ልጆቹ ኪዳን ምሥጋናውና ጋሻዬ ምሥጋናው ተብለው ተመዘገቡ።

ያ ወረቀት እንዳስገባቸው ሁሉ ያስወጣቸውም እርሱ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወረቀት ሃያ ሰባት፣ በእውነት ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ግራ ጉልበታቸውም ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። ኳስ ሲያመልጣቸው ያ «ምሥጌ» ይል የነበረ ሕዝብ «ሰካራም» ይላቸው ጀመር። ከቅዳሴ ጠበል በቀር ሌላ መጠጥ የማይቀምሱ ሰው ነበሩ። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ በቡድኑ ፊት «በሃያ ሰባት ዓመቱ የማይሮጥ ሰው ሰነፍ ነው» ሲሉ መልስ ነበራቸው፤ አፋቸው ላይ ግን አልመጣም። ምን ብለው ይመልሱ? ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማሊያቸውን መለሱ። አባታቸውም በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ እናታቸውም መነኰሱ።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተሰባቸውን ይዘው ላሊበላ ገቡ። ጉልበታቸውን እየጎተቱ ኩልመስክና ኮን ድረስ እየሄዱ ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። ያን ጊዜ ነው የእናታቸው ቃል ማሳከክ የጀመረው። ባንቺዓለም በጓዳ «ደግሰው» ስትላቸው «አንቺ ተዪው፤ እርሷ ትጥራኝ» ይሉ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ስማቸውን ለመመለስ አንድ መሥሪያ ቤት ገቡ። ጸሐፊው ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ምሥጋናው ሞቷል ካሉ የሞተ ሰው አግብቶ ወልዷል፤ የት እንመዝግበው? ደግሰው ነኝ ካሉ ደግሞ በሐሰት ወረቀት ወህኒ ይወርዳሉ» አላቸው፤ እየሳቀም ፎቶ አብሯቸው ተነሣ። እርሳቸው ወህኒውን አልፈሩትም። ባለቤታቸው ግን «ልጆቼ የማን ልጅ ተብለው ነው የሚማሩት? አባት ልታሳጣቸው ነው?» ብለው አለቀሱ። አቶ ደግሰው ማመልከቻውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ይህንኑ ለእናታቸው ሊነግሩ ወደ መነኮሳቱ ጎጆ ወጡ። እማሆይ ወለተ ሐና አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲያ ልጆቹ የምሥጋናው ናቸው። አንተ ማን ነህ?» አሏቸው። ባንቺዓለም በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንድሟ ያን ቀን ቁልቁለቱን የወረዱት እንደ ሽማግሌ በበትር ተደግፈው ነው።

በ2008 ዓ.ም. ጉበታቸው ታመመ። የሕክምና ካርዳቸው ላይ እንኳ ዕድሜያቸው በአራት ዓመት የጎደለ ነበር። በደሴና በአዲስ አበባ ቢታከሙም አልተሻላቸውም፤ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እናታቸው ሦስት ሳምንት ከአጠገባቸው አልተለዩም፤ ያበጠውን እግራቸውን በቅባ ቅዱስ ያሹ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪኝና አቤት ልበልሽ» አሏቸው። እማሆይ «ቃል አለብኝ» ብለው ማሸታቸውን ቀጠሉ። በዚህ በእርሳቸው ላይ መፍረድ ይቻላል፤ ባንቺዓለም ፈርዳለች። የልጁ ሞት የተፋቀበትን ቦታ በጣቱ የዳሰሰ ሰው ግን ይፍረድ ቢባል ምን እንደሚል አታውቅም።

አቶ ደግሰው ደባሱ ኅዳር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. ማክሰኞ ንጋት ላይ በተወለዱ በአርባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ጠዋት ለጸሎት የመጡት ወጣት ካህን በቅሬው ማስታወቂያ ላይ «ምሥጋናው» የሚለውን አንብበው የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። እማሆይ ወለተ ሐና ከግድግዳው ተደግፈው ተነሡ። «ምሥጋናው ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ይኸ ደግሰው ነው፤ ክርስትናው ወልደ ኪዳን» አሉ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረው «ደግሰው!» ብለው ተጣሩ። ደገሙት። ሦስተኛውን ጮኸው ጠሩት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ከሞቱ ሦስት ሰዓት አልፏቸው ነበር።

አቶ ደግሰው እናታቸውን እማሆይ ወለተ ሐናን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጽጌማርያምን፣ እኅታቸውን ባንቺዓለምን፣ እንዲሁም በወረቀት በሰባት ዓመቱ የሞተ ሕፃን ልጆች የሆኑትን፣ በእውነት ግን የእርሳቸውን ልጆች ኪዳንንና ጋሻዬን ትተው አልፈዋል። ለቀባሪው ሁሉ እግዚአብሔር ዋጋውን ይክፈልልን። የአባታቸውን እጅ ይቅር ይበል፤ የእናታቸውን አፍ ይቅር ይበል፤ እያወቅን ዝም ያልነውን ይቅር ይበል። ነፍሳቸውንም በገዛ ስማቸው ይጥራት፤ «አቤት» ለማለትም ያብቃት።