ሰላም ሳይባባሉ ሰይፍ የተማዘዙት ወንድማማቾች

ሮቤ፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። ኦቦ ከድር የደሎ መናውን አውቶቡስ መሪ ተደግፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። የምጽፈውን የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ረቂቅ ከሰጠኋቸው ሳምንት ሆኗል። ገና በሩ ላይ ሆኜ፣ «ጨረሱት?» አልኳቸው።

ጨርሰውታል። የመጀመሪያውንም ክፍል ሦስቴ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ባሕር ግን እሳቸውም እኔም አይተን አናውቅም።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ወንድማማቾቹ ሰባት ዓመት ሳይተያዩ ኖረው፣ እንደተገናኙ ሰይፍ ይማዘዛሉ? አካም፣ ነጋያ? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? አይባባሉም?»

«ኦቦ ከድር፣ ወንበዴዎች እኮ ናቸው! ከብት የላቸውም።»

«መርከብ አላቸው አይደል? መርከቡ ደህና ነው ወይ ይባላላ። ደግሞስ ወንበዴ እናት የለውም?»

ጉድ ፈላ! ታናሹ የሚዋጋው ታላቁ እናታቸውን ጥሏት፣ እሷም ሞታለች ብሎ ስላመነ ነው። እናትየው ግን እዚያው በታላቁ ወንድም መርከብ ላይ ወጥ ትሠራለች። «እማዬስ?» ብሎ አንዴ ቢጠይቅ መጽሐፌ ገጽ ሦስት ላይ አለቀ።

ከሰዓት ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አራት ገጽ ሙሉ ስለ ሸራው፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ። ሰይፎቹ አሁንም ከሰገባቸው አልወጡም። እኔንም ሳቄ አላስጽፈኝ አለ።

ቆይ ግን። እኔስ ዛሬ ኦቦ ከድርን እንደምን አደሩ ብያቸዋለሁ?