የኦቦ ፉፋ ሁለተኛ ዓይን

ኅዳር 4

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ሴት ልጅ ስለ ራሷ ስትጽፍ ሰምቼ አላውቅም... ግን የምነግረው ሰው የለኝም። አባባ ፊደል ያስቆጠሩኝ ዳዊት እንድደግም እንጂ ለዚህ አልነበረም። ከመጽሐፍ በተረፈ ብራና ቁራጭ ላይ ነው የምጽፈው። ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ምንም አልሆነም። ውሃ ቀዳሁ። ከምንጩ ስመለስ አንድ ቤት ፈርሶ አየሁ። እንጨቱን ነቅለው፣ ጭነው፣ ወደ ፍልውሃ ወርደዋል። ንጉሡ ከወረዱ ወዲህ በየቀኑ ሰው ይወርዳል። አባባም ወርደዋል፤ እዚያ ሥዕል ይሥላሉ። እኔና አክስቴ እቴቴ የማርያምወርቅ ብቻ ቀረን። ከእንጦጦ የማይወርደው ነፋሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 6

የእቴቴን ጠላ ይዤ ኬላ ሄድኩ። ነጋዴዎቹ ጭነታቸው እስኪፈተሽ ማረፊያው ቤት ውስጥ ይጠብቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ። እኔ እንስራው ባዶ እስኪሆን ውጭ፣ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ እቀመጣለሁ። እዚያ ማንም አያየኝም። እኔ ግን በረኛውን ኦቦ ፉፋን አያለሁ። መንገዱን የሚዘጋውን ግንድ ሲያነሡ፣ ሲያወርዱ...

ሳልፍ እንደ ልማዳቸው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ዛሬስ ድምፅሽን የት ጣልሽው? ምንጩ ውስጥ ገባ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። መሬት መሬት እያየሁ ሣቅሁ። ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን አታነሣም፣ ትላለች እቴቴ። እኔማ ባትልም አላነሣም።

ቀኑን ሙሉ ከእሳቸው ሌላ ያጫወተኝ ሰው የለም።

የኬላው ሹም ባላምባራስ ዓምደ ሚካኤል አዲስ ነገር አስበዋል። የአገሩ ሰው የእጅ ሥራውን አምጥቶ ማረፊያው ቤት ግድግዳ ላይ ይስቀል አሉ። «የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ሥራ ሲያጣ አፉ ሥራ ያገኛል። ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሁሉ እዚህም እጅ እንዳለ ይወቅ!»

እኔም አንድ ነገር አለኝ። ለማንም አላሳየሁም።

ኅዳር 8

በለጡ አገኘችው! ስፌት ሰፊዋ ጎረቤታችን። እሳት ልትጭር መጥታ ከመደቡ ሥር ብራናውን አወጣችው።

«ይሄ ኦቦ ፉፋ አይደሉም እንዴ? አፍንጫቸው! ጺማቸው! አንቺ ነሽ የሣልሽው?»

ብራናውን ልቀማት ተነሣሁ።

«ምነው፣ መልስም በብዕር ነው የምትመልሺ?»

እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ፣ አባባ ትተውት በሄዱት ቀለም። ወስጄ ኬላው ግድግዳ ላይ ከሙዳዬ ጎን ልስቀለው አለች። የኔ መሆኑን እንዳትናገሪ ብዬ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ከሠዓሊው ከወልደ ሐዋርያት ቤት የወጣ ሥራ ነው እላለኋ። ቤቱስ የአባትሽ አይደል?» አለች።

ይዛው ሄደች።

ኅዳር 10

ተሰቀለ። በአንድ ወገን የበለጡ ሙዳይ፣ በሌላው የየካዋ ዲንቄ ዛጎል የደረደረችበት የወተት ዕቃ፣ ከላይ የኢቲቻ ጋሻ። መካከሉ ላይ የኔ... ከክምሩ ጀርባ አንገቴን አስግጌ አየሁት። ከሩቅ ያምራል። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ የኔ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም። ደስታ እንዲህ ለብቻ ይሆናል እንዴ?

ኅዳር 11

ምነው ባልተሰቀለ።

ሣህሌ የሚባል የአሞሌ ነጋዴ ጭነቱ ሳይፈተሽ ስለቆየበት ተናዶ ነበር። ቀና ሲል ሥዕሉን አየ።

«ኧረ ጉድ! ይሄ በረኛው አይደለም? በጎኑ እኮ ነው የተሣለው! አንድ ዓይን ብቻ!»

«ቤተ ክርስቲያን አትሄድም እንዴ?» አለ ሌላው። «ለጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ለኃጥእ አንድ!»

«ሠዓሊው አውቆበታላ! ሁለተኛዋ ዓይኑማ አሞሌዬ ላይ ቀርታለች!»

ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ኦቦ ፉፋም መጀመሪያ አብረው ሣቁ። ከዚያ ገብተው፣ ቀረብ ብለው አዩት። ብዙ ቆሙ። ሲወጡ አይሥቁም ነበር።

እውነት ነው። የአባባ ሥዕሎች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን። ሰይጣኑ፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታቱን የሚገርፉት ሁሉ በጎን፣ አንድ ዓይን። ቀለሙን ስበጠብጥ ያደግሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት ጠፋኝ? ግን እኔ ጻድቅም ኃጥእም አልሣልኩም። ኦቦ ፉፋን ነው የሣልኩት። ከክምሩ ጀርባ ሲታዩ እንደዚያ ናቸው...

ኅዳር 13

ነጋዴው ሁሉ አሁን «አንድ ዓይና፣ ክፈት!» ነው የሚላቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ግንዱን ያነሣሉ።

ዛሬ ሳልፍ አስቆሙኝ። ቀልድ የለም።

«አባትሽን ምን በድዬዋለሁ?» አሉ። «ወደ ፍልውሃ ሲወርድ ዕቃውን የጫንኩለት እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ ዝም ብሎ አይሥልም። ምን አይቶብኝ ነው?»

አባባ አይደሉም፣ እኔ ነኝ... ይህችን ማለት ብቻ ነበር። እንስራዬን ይዤ ሮጥኩ።

ኅዳር 16

ድምፄን የት እንደጣልኩ የሚጠይቀኝ የለም።

ኅዳር 18

በለጡ ወሬ ይዛ መጣች። ባላምባራስ ከበዓሉ በኋላ በሩ ላይ ሌላ ሰው ሊያቆሙ ነው አሉ። «ነጋዴ የሚሥቅበት በረኛ በር አይጠብቅም» ብለዋል።

«ሥዕሉን አያወርዱትም?» አልኳት።

«የትልቅ ሠዓሊ ሥራ እንዴት ብዬ አወርዳለሁ ነው የሚሉ። አንቺ ካልተናገርሽ ማን ይናገር?»

ሰው የሞላበት ቤት ገብቼ መናገር? እኔ?

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። አባባ ለበዓሉ መጡ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሲበተን ነገርኳቸው፤ በሹክሹክታ፣ ሁለት ጊዜ ድገሚው እስኪሉኝ ድረስ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እጄን ይዘው ራሳቸው ወደሣሉት ግድግዳ ወሰዱኝ።

«ፉፋን ፊት ለፊት ብትሥዪው ዓይኑን እንዴት ታደርጊው ነበር? ትልቅ ነው? ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው?»

አላውቅም።

«ስንት ዘመን ያየሽውን ሰው? የኔንስ ዓይን ታውቂዋለሽ?»

መሬቱን አየሁ። አባባ አልተቆጡም። ቀስ ብለው እጄን ለቀቁት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 22

ኬላ ሄድኩ። በክምሩ በኩል አልዞርኩም። በበሩ ገባሁ። ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩት።

«አንቺ ልጅ! በማን ፈቃድ?» አሉ ባላምባራስ።

«የኔ ነው» አልኩ። የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «አባባ አልሣሉትም። እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ከጎን ስለማያቸው ነው እንጂ... ክፉ አይደሉም። እሳቸው ክፉ አይደሉም።»

«ይቺ? ጠላ አምጪዋ?» አለ አንዱ ነጋዴ። «እኔ ድዳ ናት ብዬ ሳዝንላት!»

ሣቁ። ባላምባራስ ግን አልሣቁም። ብራናውን ከእጄ ወስደው አዩት፤ መለሱልኝ። «እንግዲያው ቦታው ባዶ አይቀርም። አስተካክለሽ ታመጫለሽ።» ከዚያ ወደ ውጭ ጮኹ፦ «ፉፋ! ጋቢህን ከፊትህ ላይ አውርድ፤ በር በተከናነበ ሰው አይጠበቅም!»

ኦቦ ፉፋ ግንዱ አጠገብ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ስወጣ ጋቢው ትከሻቸው ላይ ነበር።

«ድምፅሽ ተገኘ?» አሉ።

«አዎ።»

«በይ እንግዲህ እዪኝ።»

ሞከርኩ። ከእጃቸው ተነሥቼ እስከ ጺማቸው ደረስኩ። ከዚያ በላይ... አልቻልኩም። እንባዬ መጣ።

«ተዪው፣ ኢንታላ ኮ። ነገ ነይ። እኔ እንደሆንኩ በረኛ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ?»

ቤት ገብቼ ብራናውን በቢላ ፋቅሁት። አዲስ ፊት ሣልኩ፤ ሙሉ ፊት። ሁለት ጆሮ፣ ግንባር፣ ጺም። የዓይኖቹን ቦታ ባዶ ተውኩት።

እቴቴ ምድጃው ዳር ቀና ስትል አየኋት። ከግራ ዓይኗ ሥር ትንሽ ጠባሳ አለ። አላውቅም ነበር!

«ምን ታፈጪብኛለሽ?» አለችኝ።

ነገ ቀለሙን ይዤ እሄዳለሁ። ከክምሩ ጀርባ አይደለም፤ ከግንዱ ፊት ለፊት፣ ድንጋዩ ላይ ነው የምቀመጠው። ከጺማቸው እጀምርና... ቀና እላለሁ።