ድሪቶ የተባለው ብርድ ልብስ

እኔ ወርቄ ወልደጻድቅ፣ በሐዋሳ ከተማ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤቴ ተቀምጬ የኑዛዜ ቃሌን እሰጣለሁ። ጉልበቴ ከዳኝ እንጂ አእምሮዬ ሙሉ ነው። ያስገደደኝም ያባበለኝም የለም። ተናድጃለሁ፤ መናደዴም ይጻፍ።

የስፌት መኪናዬ ለልጄ ለሮሆቦት ይሁን። ከጎኔ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ያደገች እሷ ናት።

መኖሪያ ቤቴ ለልጄ ለአልአዛር ነው። ባለቤቴ መክብብ "ቤቱ ለወንዱ ልጄ" ብሎ ስለ ሞተ የሟች ቃል አላፈርስም። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ብርድ ልብሴን ከቤተሰቤ አሮጌ ልብስ እየቆረጥኩ፣ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመክብብ የሥራ ቱታ፣ የእናቴ ሻሽ፣ የሮሆቦት ዩኒፎርም አለበት። አልአዛር የመኪና መወልወያ ቢያጣ በእኔው መቀስ ጥጉን ቆርጦ ወሰደ። ብጮህበት በእንግዳ ፊት፣ "እማዬ፣ ለድሪቶ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?" አለኝ። የስንቱን ሙሽራ ልብስ የሰፋ እጅ! የእኔን ሥራ ድሪቶ!

አልአዛር፣ እዚያው በሩ አጠገብ እንደቆምክ ስማ። የቆረጥከው የታላቅህን የካሌብን ሸሚዝ ነው። አንተ ሳትወለድ በሕፃንነቱ ታሞ ሞተብኝ። ስሙን በጠራሁ ቁጥር ስለማለቅስ አባትህ "አታንሺው" አለኝ፤ አላነሳሁትም። ፎቶ እንኳ የለውም። ያቺ ጨርቅ ነበረች የቀረችኝ፤ አንተ ጎማ ወለወልክባት!

ስለዚህ አልአዛርን ከብርድ ልብሱ ነቅዬዋለሁ። አይለብሰውም፣ አያነጥፈውም፣ ልጆቹም አይወርሱትም። ጸሐፊው ዮፍታሄ፣ "እትዬ፣ ከብርድ ልብስ መንቀል የሚባል ነገር አለ እንዴ?" ቢለኝ፣ "ዛሬ አለ፤ ጻፍ" ብዬዋለሁ። ብርድ ልብሱ የሮሆቦት ነው። ልጄ፣ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊበት፤ ልበሺው። የተቆረጠውን ጥግ ግን በሌላ ጨርቅ እንዳትጥፊው።

ተናዛዥ፦ ወርቄ ወልደጻድቅ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ከላይ ያለው ቃል ለተናዛዧ ሲነበብና ሲፈርሙበት አይተናል። እኛ ልንፈርም ስንል አልአዛር መክብብ እናቱ እግር ላይ ወድቆ፣ "እማዬ፣ ቤቱን ሮሆቦት ትውሰደው። ብርድ ልብሱን ለእኔ ስጪኝ" እያለ አለቀሰ። ወይዘሮ ወርቄም፣ "ቤቱን ያዝ፤ ብርዱንም ጨምሬልሃለሁ" አሉት። ይኸው ቃላቸው እንዲጻፍ አዘዋል።

ምስክሮች፦ ግዛቸው ሎምባሞ (ፊርማ)፣ ሙንተሃ ሸምሱ (ፊርማ)፣ ጠሀ ከድር (ፊርማ)፣ ብርቅዬ ዳንጊሶ (የጣት አሻራ)