በግራ እግርሽ ያገባሽው ጎል

ለውድ ልጄ ለሠርክአዲስ፦

ይህ ደብዳቤ ከሃያ ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድኑ ካምፕ ውስጥ በጤና ያግኝሽ። እኔ፣ እርጅናው ካልተቆጠረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ «ደህና ነኝ እማ» ብለሽ ቶሎ ትዘጊብኛለሽ። በሃምሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ሳይሆን አልቀረም፤ ደብዳቤ እስኪያልቅ ያነቡታል።

እሁድ ጨዋታችሁን ጎረቤታችን አቶ ባምላኩ ቤት አየነው። ጎሉ ሲገባ «የቡሬ ልጅ!» ብለው ከሰው ሁሉ በላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

«ሴት ልጅ ኳስ ስትለጋ ነውር ነው፣ ሰብስቢያት ያሉኝ እርስዎ አልነበሩም ወይ?» አልኋቸው።

«እንዲህ ስትጫወት መቼ አይቼ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልረሳሁማ።

በግራሽ የመታሽውን ያን ጎል ጠላትም ያደንቀዋል። «በሁለቱም እግሯ ትጫወታለች እኮ!» እያሉ ሲደነቁ እኔ ቀኝ እግርሽን አይ ነበር። የቤቴን ግድግዳ በኳስ ያፈረስሽው በቀኝሽ ነበር። እሁድ ግን ቀኝሽ ኳስ ሲነካ አላየሁም።

ለውጭው ጨዋታ ስም የሚጠራው ማክሰኞ ነው ብለሽኛል። ስለ እግርሽ ለአሰልጣኝሽ ምንም አልልም። በአክስትሽ ልጅ በመስከረም እጅ ቅቤ ልኬልሻለሁ። ለፀጉርሽ ነው፤ የተረፈውን የምታሺበትን አንቺ ታውቂያለሽ። ወጌሻዋ ሰርካለምም ጨዋታውን አብራን አይታ ነበር፤ «ስትመጣ ቤቴ ቅርብ ነው በያት» ብላሻለች።

ስምሽ ቢጠራ እልል እላለሁ። ባይጠራም መናኸሪያ ወጥቼ በእልልታ እቀበልሻለሁ፤ አቶ ባምላኩ የፈለጉትን ይበሉ።

ፈጣሪ በደህና እግር ያገናኘን።

እናትሽ አደይ፣ ከቡሬ