ዮናስ በሽማግሌዎቹ ፊት የተናገረው

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

የባሌ ወንድም ዮናስ ሁለተኛ እቤቴ ድርሽ እንዳይል! ዛሬ የልጄ የሄለን ጓደኛ አዳም ሽማግሌ ላከ። ወላጆቹ ከፖላንድ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ አሜሪካ፣ ሴይንት ፖል ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው። ለእኛ ወግ ብሎ ከቸርቻችን ሦስት አባቶችን ለመነ። ምስኪን፣ ከረባቱን አስሮ ራሱም አብሯቸው መጣ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ራሱ እቤቱ እንደሚቀር የነገረው የለም።

በቤተሰቡ ስም የሚመልሰው ዮናስ ነበር። "ተመካክረን እናሳውቃችኋለን" ብሎ መሸኘት ሲገባው፣ ፓሪስ ኖሬያለሁ ባይ፣ "ፈረንሳዮች ሰካራም ሲያዩ 'እንደ ፖላንድ ሰው ሰክሯል' ይላሉ። ሌላ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?" አላቸው። ልጁ እንደሆነ መጠጥ የሚባል አይቀምስም።

ሄለን በሹክሹክታ እየተረጎመችለት ነበር፤ እዚህ ላይ ስትደርስ አቋረጠች። "ምን አለ?" አላት አዳም በእንግሊዝኛ። ለእኔ እንኳ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ፣ ወደ ዮናስ ዞራ በአማርኛ፣ "አጎቴ፣ ፓሪስ አንተንስ ምን ይሉህ ነበር?" አለችው።

የዮናስ ዓይን ኮቱን ሲፈልግ አየሁ።

አንስቼ ሰጠሁት።