ደረቴ ላይ የተለጠፈው ፕላስቲክ

ሰኞ
ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ለዶክተሯ ደጋግሜ ነገርኳት። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪክ ገመድ ስጠግን እጄን ያተረፈልኝ ፕላስቲክ ነው። ሳቀችና የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ደረቴ ላይ ለጠፈች። ይኼኛው ያሳልፋል አለች። ሲያዙት ይከፍታል፣ ሲያዙት ይዘጋል። ከካርቦን የተሠራ ትራንዚስተር ነው። እኔ ትራንዚስተር የማውቀው ሬዲዮ ውስጥ ነው። «የልጅዎን ስልክ መስታወት የሚያበራውም የዚሁ ዘመድ ነው» አለችኝ።
ሁለቴ መንገድ ላይ ወድቄአለሁ። ልቤ በሽተኛ ከሆነ ውጭ አገር ይልኩኛል፤ በደም ሥሬ ቀጭን ገመድ አስገብተው የልቤን ውስጥ በሙቀት ይተኩሱታል። ልጣጩ የልቤን ምት ወደ ልጄ ስልክ ይልካል። የዋልኩበትን ሁሉ ደግሞ በየሰዓቱ አስጽፍ ተብያለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትርሲት ትጽፋለች።

ማክሰኞ
ጠዋት ዳቦ በሻይ። ከዚያ ቡላኦስ ገበያ፣ በእግሬ። ሙቀቱ አያድርስ ነው፤ ላቤ እስከ ቀበቶዬ ወረደ። ልጣጩ ግን ንቅንቅ አላለም። ብረት ላብ ሲነካው ይዝጋል፤ ይኼ ጭራሽ የላቡን ጨው እየጠጣ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት።
ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት፦ ጎረቤታችን ፋራህ ቤት ጋደም አልኩ።

ረቡዕ
ጾም ነው። ሽሮ በላሁ። ከሰባት እስከ አሥር፦ ፋራህ ቤት ጋደም።
«አባባ፣ እዚህ አልጋ የለህም እንዴ?» አለችኝ ትርሲት።
«ያንቺ ሥራ መጻፍ ነው» አልኳት።

ሐሙስ
ዶክተሯ አስጠራችን። ልጣጩ የላከውን የልቤን ምት መስመር አሳየችን፤ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ እንደ ፍየል ይዘላል። «ጋደም ብለው እንዲህ ከሮጠ በሽታ ነው፤ ነገ የውጭውን ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለች። ትርሲት ሚኒባስ ውስጥ አለቀሰች።
ቤት ደርሰን እራት ቀረበ። ሳህኑን ገፋሁት። ትርሲት፣ ደብተሩን አምጪ አልኩ። ጻፊ። ፋራህ ቤት አልጋ የለም። ማክሰኞም ረቡዕም የቃምኩት ጫት ነው። ከባቡሩ የወረደው ይቅማል፣ ከወደቡ የወጣው ይቅማል፤ እኔም እቅማለሁ። መቃም ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።
ብዕሯን አስቀመጠች። «በጽዋ ማኅበሩ ላይ ወጣቶቹን ጫት የሰይጣን ቅጠል ነው እያልክ የምትቆጣው አንተ አይደለህም?»
ነኝ። እሱንም ጻፊ። ያፌን ውሸት ላድን ብዬ ልቤን ላስተኩስ ነበር።

ዓርብ
ትርሲት ደብተሩን ለዶክተሯ አነበበችላት። ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ጅቡቲ ውስጥ ከቀትር በኋላ ዝም ብሎ የሚጋደም ሽማግሌ አለ ብዬ ማመኔ የኔ ጥፋት ነው» አለች። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አልቀደደችውም። አዲስ ልጣጭ ለጠፈችልኝ፦ ሰባት ቀን ያለ ጫት። ልቤ ካረፈ ደብዳቤው ይቀራል፤ ከሮጠ እሄዳለሁ።
አሁን ስምንት ሰዓት ነው። የጫት መኪኖቹ ጡሩንባ እየነፉ ሰፈሩን ዞሩት። ፋራህ በር ላይ መጣ።
«ትርሲት! ሽማግሌው ሞተ እንዴ?»
«አልሞተም፣ ታስሯል!» አለችው። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።
አፌ ደርቋል። እጄ የሚይዘው አጥቷል። ስልኩ ምን ይላል አልኳት። ሰባ ስድስት። ፋራህ በር ላይ ሲጣራ ዘጠና ደርሶ ነበር አለች። ለነገ ቃል አልገባም። ዛሬ ግን ከደጅ አልወጣሁም።