አሠራሩ የታል?

ለወንድም ጋሼ ክሊፍ፣

የአላስካ ባሕርና ብርዱ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ሞንታና በረዶው ገና አልለቀቀም። እኔ ግን በንዴት ጦፌልሃለሁ።

የአልጀብራ አስተማሪያችን ሚስተር ሃልቨርሰን ፈተናዬ ላይ ዜሮ ሰጠኝ! ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት ሃያ ከሆነ፣ ኤክስ አምስት ነው። አንተ እንዳስተማርከኝ በጭንቅላቴ ሠርቼ መልሱን ብቻ ጻፍኩ።

"ተሳስቻለሁ እንዴ?" አልኩት።

"አልተሳሳትሽም። ግን አሠራሩ የታል? ከሁለቱም ወገን አምስት መቀነስሽን፣ ለሦስት ማካፈልሽን አሳዪኝ። መልስ ብቻማ ማንም ይገለብጣል!"

ከኋላዬ የሚቀመጠው ዳርል ደግሞ "ነቢይት ሆይ፣ የነገውንም ፈተና ንገሪን!" ብሎ ክፍሉን ሙሉ አሳቀብኝ። እርሳሴን ሰበርኩት።

እንደተቃጠልኩ ቤት ስገባ፣ ምድጃው እየነደደ እማዬ ፊቷ ገርጥቶ፣ ቤት ውስጥም ከማታወልቀው የሱፍ ኮፍያዋ ጋር ተቀምጣለች። ሾርባዋ እንደተቀዳ ቀዝቅዟል። ሐሙስ ሐሙስ አክስት ቨርና በመኪና ወደ ከተማ ትወስዳታለች። "ጨርቅ ልንገዛ ነው" ይሉኛል፤ እስካሁን አንድም ጨርቅ አላየሁም።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ!"

"አሠራሩ የታል ታዲያ!" ብዬ ጮህኩባት። አልተቆጣችኝም። እሷ ሳትቆጣኝ ስትቀር ይባስ ተናደድኩ።

አሁንም ከጎኔ ሆና "ደህና ናት ብለሽ ጻፊለት" እያለችኝ ነው። ይኸው ጽፌያለሁ፤ ደህና ናት። አሠራሩን ግን ራስህ መጥተህ እይ።

ዓሣው ይብዛላችሁ፣ ማዕበሉ ይራራላችሁ።

ንዴቷ ያልበረደላት እህትህ፣
ሎርና